«በስምምነት ተለያዩ» ከመባሉ በፊት

በስፖርት ዜናችን «ቡድኑ ከዋና አሠልጣኙ ጋር በስምምነት ተለያየ» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። የተባረረውም በስምምነት ነው፣ ደመወዝ ሲጠፋ ጥሎ የወጣውም በስምምነት ነው፣ የተሻለ አግኝቶ የሄደውም በስምምነት ነው። ለዜና ትበቃለች። ደብዳቤውን ለሚያረቅቀው ሰው ግን ምንም አትነግረውም። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ የዩኒቨርሲቲ ወይም የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን የሚያስተዳድር ሰው ከአሠልጣኙ ጋር ሲለያይ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ምኑን እያቋረጠ እንደሆነ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ሥራው አይደለም። የካምፓስ ቡድን አሠልጣኝ በአብዛኛው የስፖርት ሳይንስ መምህር ነው፤ ቡድኑ በተደራቢነት ተሰጥቶት ደመወዙን በመምህርነቱ ይበላል፣ ለአሠልጣኝነቱ አበል ቢጤ ይታሰብለታል። ስለዚህ የሚነሳው ምደባው ነው። ደብዳቤው «ከቡድኑ ዋና አሠልጣኝነት ኃላፊነት ተነስተዋል» ይበል እንጂ «ተሰናብተዋል» አይበል። ልዩነቱ አንድ ግስ ነው፤ ግን ግልባጩ የደረሰው የሰው ሀብት ክፍል «ተሰናብተዋል» የሚለውን ካነበበ እጁ የሚሄደው ወደ ደመወዝ መዝገቡ ነው፣ ያንን ለማስተካከል ደግሞ ወር ይፈጃል። ግልባጩ ለትምህርት ክፍሉ፣ አበሉ የሚቆምበት ቀን ተጽፎ ለፋይናንስ፣ እንዲሁም ቡድኑን ለሚያስተዳድረው የስፖርት ክፍል ይሂድ። ከዚያ አልፎ ለአሥር ቢሮ ግልባጭ መበተን ነገር መፈለግ ነው።

ለአሠልጣኝነት ብቻ በውል የተቀጠረ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ምክንያቱ መለየት አለበት፦ ቡድኑ ስለተሸነፈ ነው ወይስ ሰውየው ስላጠፋ? በሽንፈት ተናዶ በጥፋት ማሰናበት በጣም የተለመደ፣ በጣምም ውድ ስህተት ነው።

ውድነቱን የአሜሪካው የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ያውቀዋል። አሠልጣኙ ኬቨን ኦሊ እ.ኤ.አ. በ2014 ቡድኑን ይዞ የአሜሪካ ኮሌጆችን ዋንጫ አነሳ። የኋላ የኋላ ግን ሁለት ተከታታይ የውድድር ዘመን ሽንፈቱ ከድሉ በለጠና እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ተሰናበተ። ውሉ ሊያልቅ ዓመታት ይቀሩት ነበር። ዩኒቨርሲቲው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩን የኤን.ሲ.ኤ.ኤ.ን ደንብ ጥሷል ብሎ ቀሪውን አልከፍልም አለ። ጥሰቱ ፈጠራ አልነበረም፤ ማኅበሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ቀጥቶታል። ነገር ግን አሠልጣኙ ከግል ውሉ ሌላ በዩኒቨርሲቲው መምህራን ማኅበር የኅብረት ስምምነት ጥላ ሥር ነበር፣ ስምምነቱም ያለ በቂ ምክንያት ከመሰናበት ይጠብቀው ነበር። የግልግል ዳኛው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈለው ወሰነ። እዚህም ቢሆን ከውሉ ጀርባ የኅብረት ስምምነት ወይም የመተዳደሪያ ደንብ አለ ወይ ብሎ ፋይሉን ማገላበጥ ግማሽ ቀን የማይወስድ ሥራ ነው።

ጥፋት ከሆነ ምክንያቱ፣ በጥፋትነቱ ብቻ ይያዝ። አሠልጣኝ ቦብ ናይት የአሜሪካውን የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 «ከእንግዲህ አንድ እንኳ አይታለፍም» የሚል ገደብ በይፋ አበጀለት፤ በሴፕቴምበር አሰናበተው። ስለ ዋንጫ ያነሳ የለም፤ ጉዳዩ ጠባይ ነበር፣ ገደቡም አስቀድሞ ተነግሮታል።

ወደ እኛ ሕግ እንምጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚገዛ ውል ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው በአንቀጽ 27 በተዘረዘሩት ምክንያቶች ነው፤ ጨዋታ መሸነፍ እዚያ ውስጥ የለም። የችሎታ ማነስ አንቀጽ 28 ውስጥ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል፣ በሥራ አፈጻጸም ምዘናም መታየት አለበት። ምዘና ሲባል ከፍጻሜው በኋላ አንድ የተበሳጨ ኃላፊ የጫረው ማስታወሻ ማለት አይደለም። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ነው፤ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለቆየ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር።

የገንዘቡ ሒሳብ ከሚፈራው ይልቅ ቀላል ነው። የተወሰነ ጊዜ ውል ከሕግ ውጭ ቢቋረጥ ካሳው ውሉ እስኪያልቅ ያገኘው የነበረው ደመወዝ ነው፤ ግን ከአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ አይበልጥም። በወር 15,000 ብር የሚከፈለው አሠልጣኝ እንውሰድ። አራት ወር ቀርቶት ከሆነ 60,000 ብር። አሥር ወር ቀርቶት ከሆነ 150,000 አይደለም፤ ወሩን በ30 ቀን ብናስብ የቀኑ 500 ይሆንና ጣሪያው 90,000 ላይ ይቆማል። ኢንዲያና እ.ኤ.አ. በ2021 አሠልጣኙን አርቺ ሚለርን ሲያሰናብት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከግል ለጋሾች ያሰባሰበው በውሉ የገባው ግዴታ ስለነበረ ነው። እኛ ዘንድ የሚያስቸግረው የካሳው መጠን ሳይሆን መዘግየቱ ነው፦ ስንብቱ ከጸና በኋላ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፣ ያለ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል።

አሁን የወሎዋ ወጥመድ። የአበጋር፣ የባህላዊ አስታራቂ፣ አገር ነውና ኃላፊና አሠልጣኝ ከተጋጩ ሽማግሌ መግባቱ አይቀርም። ቡናው ይፈላል፣ አቦል ቶና ይባላል፣ «አብሽሩ፣ የወንድማማች ነገር ነው» ይባልና ጉዳዩ ለሳምንት ይቀጠራል፤ ቀጥሎ ለሌላ ሳምንት። መልካም ነው፣ ብዙ ጊዜም ከፍርድ ቤት ይሻላል። ግን በጥፋት የማሰናበት መብት ጥፋቱ ከታወቀበት ቀን አንስቶ በ30 የሥራ ቀናት ያበቃል፤ ሕጉ ደግሞ በረካ እስኪቀዳ አይጠብቅም። ሽምግልናው ካልያዘና ቀኑ ካለፈ ኃላፊው ባዶ እጁን ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የታወቀበት ቀን በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሽማግሌዎቹም የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ከመጀመሪያው ይነገራቸው። ቢታረቁ ዕርቁ ራሱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይፈረምበት።

ተጫዋቾቹ ከአሠልጣኙ በኋላ፣ ከቴሌግራም በፊት ይስሙ። ደብዳቤው ጠዋት ከተሰጠ ቡድኑ በዚያው ዕለት በልምምድ ሰዓት ይሰብሰብ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ማን እንደሚተካ፣ ልምምዱ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚቀጥል ይነገር፤ ምክንያቱ አይዘርዘር። የአሜሪካ ተጫዋች ኮቹ ሲሄድበት ስሙን የዝውውር ፖርታል ውስጥ አስገብቶ ሌላ ኮሌጅ ይፈልጋል። የእኛው መሄጃ የለውም፤ ዝም ብሎ ከልምምድ ይቀራል። በሁለተኛው ሳምንት አምስት ለአምስት የሚሞላ ሰው ከጠፋ ነገሩ በደንብ እንዳልተነገራቸው ይታወቃል። ምክትሉን ጊዜያዊ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይሻላል፤ ግን «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ከነማብቂያ ቀኑ ይጻፍ።

ርክክቡ ላይ ሰው ሁሉ ኳስና ማሊያ ይቆጥራል። በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) በስሙ የወጣው ዕቃ ለንብረት ክፍል ተመልሶ በሞዴል 19 (የገቢ ቅጽ) ካልገባ ክሊራንሱ አይፈረምም፤ ይህን ማንም አይስተውም። የሚረሳው በሰውየው ጭንቅላትና ስልክ ውስጥ ያለው ነው። የቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ባለቤት እሱ ነው፤ ባለቤትነቱ ለተተኪው ይዛወር፣ አድሚን መጨመር ብቻውን አይበቃም። የተጫዋቾቹ የመታወቂያ ቅጂና ፎቶ እሱ ፍላሽ ላይ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ካምፓስ ያሉ ልጆች አብረው የሚለማመዱ ከሆነ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርደውን መኪና በየሳምንቱ የሚጠይቀው እሱ ነበር፤ ወረቀቱ ለማን በስንት ሰዓት እንደሚገባ ከሌላ የሚያውቅ የለም። የማን ጉልበት በፋሻ ታስሮ እንደሚጫወት፣ ማን የሁለት ቀን ዕረፍት እንደታዘዘለትም እንዲሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ቁጭታ፣ ተተኪው እየጻፈ፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ ደብዳቤው ክብር ባለው ቋንቋ ከተጻፈ ሰውየው እምቢ አይልም።

ፊሽካውን አትጠይቁት። ብዙ ጊዜ በራሱ ገንዘብ የገዛው ነው።