የጥይት ሻጋታ

የደብረ ብርሃን ማለዳ ነው፤ በብረት መቁረጫ ሱቄ ውስጥ የቶርኖውን እጀታ በባዶ እጅ የሚነካ የለም። ረዳቴ ሻይ ይዞልኝ ሲገባ ስልኬ ጮኸ። አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ነው። አማርኛ ይሰማል እንጂ አይጽፍም፤ ስልኩ እየተረጎመለት ነው የሚልክልኝ። «ጋሼ፣ ለአደን የጥይት ሻጋታ መምረጥ እፈልጋለሁ፣ እርዳኝ» ይላል። («እርስዎ»ን ያ ስልክ አያውቃትም።)

ለረዳቴ አነበብኩለት። «ጥይት ይሻግታል እንዴ?» አለ።

ደውዬ ሳነጋግረው ፎርማ ማለቱ ነው፤ የቀለጠ እርሳስ ገብቶበት አረር፣ ማለትም ከጥይቱ ተወርዋሪው ክፍል፣ ሆኖ የሚወጣበት፣ እንደ ጉጠት እጀታ ያለው ሁለት ግማሽ ብረት። ልጁ የሚኖርበት አገር እንደየግዛቱ ሕግ አጋዘን በሽጉጥ የሚያድኑ ሰዎች አሉ። የእሱ ስድስት ጎራሽ ባለ 44 ማግነም ነው፤ ጥይቱ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ፣ በአደን የታወቀ። ቀለሁን እየለቀመ መልሶ ይሞላል፣ አሁን ደግሞ አረሩንም ራሱ ላፍስስ ብሏል። እዚህ ቢሆን ያለ ፈቃድ ጥይት ማሰናዳት ወንጀል ስለሆነ ወሬውንም አልሰማው። እዚያ ግን በጓሮው እርሳስ የሚያቀልጥ ጡረተኛ ሞልቷል።

የፎርማ ፎቶዎች ላከልኝ። ሃያ ዓመት ብረት ስቆርጥ ኖሬ ለዚህ ልቸገር? አልሙኒየሙ ቶሎ ይሞቃል፣ ለእጅም ቀላል ነው፣ ነገር ግን ትንሽ ከተጋጨ ጠርዙ ይጎዳል። ብረቱ ዕድሜ አለው፣ ዘይት ካልቀቡት ይዝጋል። ናሱ ሙቀት ይይዛል፣ ሲውል ሲያድር ግን ክንድ ያዝላል። ለጀማሪ አልሙኒየም ይሁንልህ አልኩት። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳትኩም።

ቀጥሎ «ወርዱስ?» አለኝ። «የሽጉጡ መጽሐፍ ቧንቧውን ስንት ይላል?» «0.429 ኢንች።» አስልቼ 10.90 ሚሊ ሜትር አገኘሁና «እሱኑ ግዛ» አልኩት። አፍንጫውንም ክብ አድርገው፣ አየር ይሰነጥቃል ብዬ ጨመርኩለት። ማን ጠይቆኝ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ የደረሰኝ ፎቶ ያሳፍራል። የሽጉጡ ቧንቧ ውስጡ በእርሳስ ተለብጧል፣ ኢላማው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ እንደ በቆሎ ዘር ተበትነዋል። «አቀላለጥህ ነው» አልኩት። ፎርማው ሳይሞቅ አፍስሰህ ይሆናል፣ ወይ ዘይቱን አልጠረግህም። ልጁ ግን አረሮቹን ፎቶ አንስቶ ላከ፤ ልሙጥ ናቸው፣ ሽብሽብ የላቸውም። ቀዝቃዛ ወይም ዘይት የነካው ፎርማ የሚያወጣው አረር እንደ ደረቀ አተር የተጨማደደ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ እኔ ግን ይህን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደብኝ።

ያስዋጠኝ ወፍጮ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ የጅሩ አዛውንት የእህል ወፍጯቸውን ቡሽ፣ ዘንጉ በውስጡ የሚዞርበትን የብረት ቀለበት፣ አሠርተውኝ ነበር። የማሽኑ መመሪያ ዘንጉ 50 ሚሊ ነው ስለሚል ቡሹን ለ50 አስተካክዬ ቆርጬ ሰጠኋቸው። በአሥረኛው ቀን ከእነዋሪ ተመልሰው መጡ። ቡሹ ተበልቶ ሞላላ ሆኗል፣ ዘንጉንም በጆንያ ጠቅልለው ይዘውታል።

«ዘንጉን ለካኸው?» አሉኝ።

«አባባ፣ መጽሐፉ 50 ይላል።»

«መጽሐፉ ጤፍ አይፈጭልኝ!»

ማይክሮሜትር አስገባሁበት። 49.6። ስንት ዓመት ሲፈጭ የኖረ ዘንግ ነው፣ ተበልቷል። ረዳቴ ወደ ቶርኖው ዞሮ ሳቁን ሲያፍን አየሁት። አዛውንቱ ቁጭ ብለው ሻይ ተጋበዙና ስለ አያታቸው ውጅግራ፣ ስለዚያ የድሮ ጠመንጃ፣ ያወጉኝ ጀመር። ድሮ አረር የሚያፈስ ሰው የሚለካው የራሱን ጠመንጃ አፍ ነበር አሉ፤ የጎረቤቱ አረር ለእሱ አይሆነውም። ስለ እህቴ ልጅ አንድም ቃል አልነገርኳቸውም ነበር።

ማታውን ደወልኩለት። ስድስት ጎራሽ ከጠመንጃ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ አረሩ ከቀለሁ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያልፈው በሚሽከረከረው ሲሊንደር ቀዳዳ አፍ ነው፣ ቧንቧው ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አረሩ ከዚያ አፍ ከቀጠነ የባሩዱ ትኩስ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን ይልሰዋል፣ የላሰውንም ቧንቧው ላይ ይለጥፈዋል። «ባዶነቱን ደጋግመህ አይተህ ሲሊንደሩን ፍታና ለስላሳ እርሳስ በስድስቱም አፍ እየገፋህ አሳልፍ፣ የወጣውን ለካ፤ ቧንቧውንም እንዲሁ» አልኩት።

በማግሥቱ መለሰልኝ። ቧንቧው 10.90 ነው፣ መጽሐፉ አልዋሸም። ስድስቱ አፎች ግን 10.96 ናቸው። የእሱ አረር ደግሞ 10.88! ያገኘው እርሳስ ከአሮጌ የውኃ ቱቦ የወጣ ንጹሕ እርሳስ ነበር፤ ንጹሕ እርሳስ ሲቀዘቅዝ አንቲሞኒ የሚባለው ማዕድንና ቆርቆሮ (ቲን፣ የጣሪያው አይደለም) ከተቀላቀለበት ይልቅ ይኮማተራል። የፎርማ ሠሪዎቹ ቁጥር የሚነገረው ለተወሰነ ቅይጥ ነው፤ በሰፊው የሚታወቀው 90 እጅ እርሳስ፣ 5 ቆርቆሮ፣ 5 አንቲሞኒ ነው። ስለዚህ የእኔ 10.90 ከመጀመሪያውም የለም።

አዲሱን ፎርማ የመረጥነው በዚህ ነው። ወርዱ በራሱ ቅይጥ 10.98 የሚጥል፣ ከዚያ በማጥበቂያ ቀለበት ውስጥ ተገፍቶ 10.96 የሚሆን። አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ ኤልመር ኪዝ የተባለው አሜሪካዊ ካስለመደው ቅርጽ። ክቡ አፍንጫ ሥጋውን ገፋ አድርጎ ያልፋል፤ ጠፍጣፋው ግን ሰፋ አድርጎ ስለሚቆርጥ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገብቶ አይሰቃይም። አየር መሰንጠቁ ለሽጉጥ የአደን ርቀት ያን ያህል ጉዳይ አልነበረም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ክብደቱ 16 ግራም ገደማ ነው።

አደራ ያልኩት ስለ ውኃ ነው። የቀለጠ እርሳስ ላይ እርጥብ ማንኪያ ቢገባ እንፋሎቱ ድስቱን ፊት ላይ ይረጨዋል። ረዳቴ ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ የአልሙኒየም ነው፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። እርሳሱንም ከቤት ውጭ እንዲያቀልጥ፣ ሳይታጠብ እህል እንዳይነካ ነገርኩት።

ሁለተኛውን ቡሽ በ49.6 ዘንግ ልክ በራሴ ወጪ ሠራሁት። አዛውንቱ ሊረከቡ ሲመጡ ረዳቴ ደረሰኝ ቆረጠላቸው። በአይነት ስር የጻፈውን ያየሁት ከሄዱ በኋላ ቅጂው ላይ ነው፦ «የወፍጮ ሻጋታ፣ 1፣ በነጻ»።