ሎግ፣ ኖት እና 28 ሴኮንድ

የመርከብ ፍጥነት በኖት እንደሚለካ፣ ኖት ማለትም በእንግሊዝኛ ቋጠሮ ማለት እንደሆነ ብዙ ሰው ያውቃል። ማብራሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ «የድሮ መርከበኞች ገመድ እየወረወሩ ቋጠሮ ይቆጥሩ ነበር» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ያበቃል። ሐሰት አይደለችም፤ ግን ምንም አታስረዳም። ቋጠሮዎቹ በየስንት ርቀት ነበር የሚታሰሩት? የሚቆጠሩትስ ለስንት ጊዜ ነው? ከገመዱ ጫፍስ ምን ታስሮ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «ሎግ» የሚባል እንጨት ነው። መርከብ ላይ የሚጻፈው ሎግ ቡክ፣ ኮምፒውተር ስንከፍት የምንለው ሎግ ኢን፣ ሁሉም የወጡት ከዚያ እንጨት ነው።

ሎግ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ግንዲላ ማለት ነው። በገመድ ታስሮ ፍጥነት የሚለካበትን ዘዴ በመጽሐፍ የገለጸው ዊሊያም ቦርን የተባለ እንግሊዛዊ ነበር፤ ዘመኑም 1574 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ እንደሚጠቁመው መጀመሪያ ላይ ወደ ውኃው የሚጣለው ተራ የእንጨት ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም። ኋላ የተለመደው ግን በጥንቃቄ የተሠራ ዕቃ ነው። ከቀጭን ሳንቃ የተቆረጠ ሩብ ክብ ሲሆን ከማዕዘኑ እስከ ቅስቱ ከ5 እስከ 7 ኢንች ያህል ይሆናል። በቅስቱ ጠርዝ ላይ እርሳስ ይገጠምበታል። የእርሳሱ ክብደት ሳንቃውን የሚያሰምጥ ሳይሆን የላይኛው ማዕዘን ብቻ ከውኃ ብቅ እንዲል አድርጎ ቀጥ የሚያቆመው ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ሳንቃ በሙሉ ገጹ ውኃውን ተደግፎ ስለሚይዝ በቀላሉ አይጎተትም፤ መርከቡ ይሄዳል፣ እሱ ግን ባለበት ይቀራል። ጠፍጣፋ ሆኖ ቢንሳፈፍ ኖሮ ገመዱ ገና ሲወጠር እየተንሸራተተ መርከቡን ይከተል ነበር።

ከሳንቃው ሦስት ማዕዘኖች ሦስት አጫጭር ገመዶች ተነስተው ከዋናው ገመድ ጋር ይገናኛሉ። ከእነዚህ አንዱ በቋሚነት የታሰረ አይደለም፤ ጫፉ ላይ ያለው የእንጨት ውታፍ በቀዳዳ ውስጥ ጠበቅ ተደርጎ ይሰካል። ልኬቱ ሲያልቅ ገመዱን በኃይል ነጠቅ ሲያደርጉት ውታፉ ተነቅሎ ይወጣል፣ ሳንቃውም በጀርባው ይተኛና በቀላሉ ይሳባል። ከመሣሪያው ሁሉ ብልሃቱ የሚደንቀው ይህ ነው። በሚሮጥ መርከብ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳንቃ በእጅ መጎተት ከባድ ሥራ ነው፤ ገመዱም ሊበጠስ ይችላል። ውታፉ በጣም ከጠበቀ አይነቀልም፤ ከላላ ደግሞ ገና ልኬቱ ሳያልቅ ይወጣና ቆጠራው ከንቱ ይሆናል።

ገመዱ ከማጠንጠኛ ላይ የተጠቀለለ ሆኖ 150 ፋቶም ገደማ ይረዝማል፤ 1 ፋቶም 6 ጫማ ነውና 900 ጫማ፣ ማለትም 270 ሜትር አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ከ10 እስከ 20 ፋቶም አይቆጠርም። ይህ ክፍል ሳንቃው መርከቡ ኋላውን ከሚያናውጠው ውኃ ወጥቶ በጸጥታ እንዲቆም የሚተውለት ነው። መጨረሻው በጨርቅ ቁራጭ ይታወቃል። ቆጠራው የሚጀምረው ከጨርቁ ነው። ከዚያ ወዲያ በየ47 ጫማ ከ3 ኢንች በገመዱ ክሮች መካከል አጭር ሲባጎ ይሰካና በእሱ ላይ ቋጠሮ ይቋጠራል፤ በመጀመሪያው ምልክት አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት እያለ ይሄዳል። ስለዚህ በሌሊት ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣት ዳብሶ ስንተኛው እንደሆነ ማወቅ ይቻል ነበር።

ሥራው ሦስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ማጠንጠኛውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ሁለተኛው የአሸዋ ሰዓቱን ይይዛል። ሦስተኛው ሳንቃውን ከመርከቡ ኋላ፣ ነፋስ በማይመጣበት ጎን ይወረውራል። ከመወርወሩ በፊት አሸዋው ሁሉ ወደ ታች መውረዱን ይጠይቃል፤ «ወርዷል» ይባላል። ጨርቁ በእጁ ሲያልፍ «ገልብጥ!» ይላል፣ ሰዓቱ ይገለበጣል። የመጨረሻዋ አሸዋ ስትወርድ ባለሰዓቱ «በቃ!» ሲል ገመዱ በቅጽበት ይያዛል። በእጅ የቀረው ቋጠሮ የመርከቡ ፍጥነት ነው። ከቋጠሮው ያለፈው ትርፍ በፋቶም ይገመታል፤ 47 ጫማ ከ3 ኢንች ወደ 8 ፋቶም ስለሚጠጋ የኖት ስምንተኛ ማለት ነው።

ለምን 47 ጫማ ከ3 ኢንች? የአሸዋ ሰዓቱ የሚፈሰው ለ28 ሴኮንድ ነው። በ1 ሰዓት ውስጥ ያሉት 3600 ሴኮንዶች ለ28 ሲካፈሉ 128.57 ይሆናሉ። የእንግሊዝ መርከበኞች የባሕር ማይል 6080 ጫማ ነበር። 6080ን ለ128.57 ብናካፍል 47.29 ጫማ እናገኛለን። ስለዚህ በ28 ሴኮንድ አንድ ቋጠሮ የሚያስወጣ መርከብ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ይሄዳል፤ አምስት ካስወጣ አምስት ማይል። መርከበኛው ማባዛትም ማካፈልም አያስፈልገውም፤ ሒሳቡ አስቀድሞ በገመዱ ላይ ታስሮ አልቋል። ዛሬ በሜትር እንሥራው ብንል 1852 ሜትርን በ28 አባዝተን ለ3600 እናካፍላለን፤ 14.4 ሜትር ይመጣል። መርከቡ ሲፈጥን ገመዱ በጣም ስለሚረዝም የ14 ሴኮንድ ሰዓት ይወሰድና የተቆጠረው በሁለት ይባዛል።

ይህ ልክ ግን እንዲህ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በመጀመሪያ ቋጠሮዎቹ በየ42 ጫማ ይታሰሩ ነበር፤ ሰዓቱም 30 ሴኮንድ ነበር። ይህ የመጣው አንድ የባሕር ማይል 5000 ጫማ ነው ከሚለው ግምት ነው። የባሕር ማይል የምድር ዙሪያ የአንዲት ዲግሪ ስልሳኛ ክፍል ስለሆነ፣ የምድርን መጠን ያሳነሰ ሰው ማይሉንም ያሳንሳል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ኖርዉድ በ1633 ለንደን ላይ፣ በ1635 ደግሞ ዮርክ ላይ የፀሐይን ከፍታ ለካ፤ የከፍታው ልዩነት ከተሞቹ ስንት ዲግሪ እንደሚራራቁ ስለሚናገር በመካከላቸው ያለውንም መንገድ ለካ። በ1637 ባሳተመው ውጤት አንድ የባሕር ማይል 6120 ጫማ ገደማ ሆነ። ከኋለኛው 6080 ጋር ሲነጻጸር ስሕተቱ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ በሰንሰለትና በእግር ለተሠራ ልኬት እጅግ ጥሩ ነው። በዚህ ስሌት ለ30 ሴኮንድ ሰዓት ቋጠሮው በየ51 ጫማ መሆን ነበረበት፤ እሱ ግን 50 እንዲሆን መከረ።

መርከበኞቹ ቶሎ አልተቀበሉትም። ብዙዎቹ 42ቱን ጫማ ትተው አዲስ ገመድ ከመቋጠር ይልቅ የአሸዋ ሰዓቱን ወደ 25 ሴኮንድ አሳጠሩት፤ ሒሳቡም ይገጥማል። ሌሎች በአሮጌው ልክ ጸኑ። ግትርነት ብቻ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ቋጠሮው አጠር ብሎ ሲታሰር ቁጥሩ ይበዛል፤ መርከበኛው ከእውነተኛው ቦታው ቀድሞ የሄደ ይመስለዋል። ወደ ባሕር ዳርቻ ሲቃረብ ይህ ስሕተት ሕይወት ያድናል፤ «ደርሰናል» ብሎ መጠንቀቅ የሚጀምረው ከመድረሱ በፊት ነውና። ቁጥሩ አንሶ ከሆነ ግን ገና ሩቅ ነኝ ሲል በሌሊት ዓለት ላይ ይወጣል። ኖርዉድ ከ51 ወደ 50 ዝቅ ማድረጉም ከዚያው ወገን ነው።

ስሕተት የሚገባበት በር ብዙ ነው። አዲስ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፣ ሲጎተት ሲውል ደግሞ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት አርጥቦ መወጠር ያስፈልጋል። ኋላም በመርከቡ ወለል ላይ በተመቱ ምስማሮች መካከል፣ ገመዱ እርጥብ እንዳለ፣ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። የአሸዋ ሰዓት በእርጥበት ይዘገያል፤ ሲያረጅ ደግሞ አሸዋው አንገቱን እየፋቀ ያሰፋውና ይፈጥናል። ለመፈተሽ ከ99 ሴንቲ ሜትር ክር ጫፍ ላይ የእርሳስ ጥይት ማንጠልጠል ይበቃል፤ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ለመሄድ 1 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ስሕተቱ ከታወቀ ማረም ቀላል ነው። 7 ኖት ተቆጥሮ ሰዓቱ በእውነቱ 30 ሴኮንድ የሚፈስ ከሆነ 7ን በ28 አባዝቶ ለ30 ማካፈል ነው፤ 6.5 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በአንድ ቀንና ሌሊት 11 የባሕር ማይል፣ ማለትም 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ቋጠሮው ወደ 45 ጫማ ከተኮማተረ ደግሞ 7 የተባለው 6.67 ነው።

ሰው የሚያጠፋውም አለ። ማጠንጠኛው ከተያዘ ወይም ገመዱ በነፃ ካልፈሰሰ ሳንቃው ይጎተታል፣ ቁጥሩም ያንሳል። ማዕበል ከኋላ ሲመጣ ሳንቃውን ወደ መርከቡ ይገፋዋል፤ አሁንም ያንሳል።

ከሁሉ የከፋውን ጉድለት ግን ምንም ጥንቃቄ አያድነውም። ሎግ የሚለካው መርከቡ በውኃው ላይ የሚሄደውን ብቻ ነው። ውኃው ራሱ የሚፈስ ከሆነ መርከቡንም ሳንቃውንም አብሮ ይወስዳቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ገመድም ምንም አይናገርም። 5 ኖት የሚሄድ መርከብ 2 ኖት የሚፈስ ባሕር ቢቃወመው በምድሩ ላይ የሚሄደው 3 ብቻ ነው፤ ሎጉ ግን 5 ይላል። ዛሬም መርከብ ላይ በውኃ ላይ የሚለካው ፍጥነትና ጂፒኤስ የሚሰጠው ፍጥነት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሆነው የሚነበቡት ለዚህ ነው፤ ልዩነታቸው ፍሰቱን ያሳያል።

ገመዱን በመካኒካል ሎግ የተካው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኤድዋርድ ማሲ በ1802 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ በውኃ ውስጥ እየተጎተተ የሚሽከረከር መዘውር ነበረው። ከእሱ ወዲህ ሎግ የሚለው ስም ምንም እንጨት የሌለበትን ሁሉ መጥራት ጀመረ፤ በኤሌክትሮ ማግኔት የሚሠራውም ዛሬ ሎግ ነው። ገመዱ ቢቀርም ኖት ግን እስከ ዛሬ አለ። በ1929 ሞናኮ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የባሕር ማይልን ልክ 1852 ሜትር ብሎ ወሰነ፤ 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። አሜሪካ በ1954፣ ብሪታኒያ ደግሞ በ1970 ተቀበሉት። አውሮፕላንም ይህንኑ ስለሚጠቀም ከቦሌ የሚነሳ ፓይለት ፍጥነቱን በኖት ያነባል። «ኖት በሰዓት» ማለት ግን ሰዓቱን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው፤ ሰዓቱ በኖት ውስጥ አለ።

መለካቱ ብቻውን አይበቃም፣ መጻፍ አለበት። በእንግሊዝ የጦር መርከቦች በየሰዓቱ ሎግ ይጣል ነበር፤ ውጤቱ እንደ መጽሐፍ በሚታጠፍ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ሰዓት፣ ኖት፣ ፋቶም፣ አቅጣጫ፣ ነፋስ፣ ከዚያም ማስታወሻ የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። ይህ ሎግ ቦርድ ነው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በቀለም ወደ መጽሐፍ ይገለበጣል፤ እሱ ሎግ ቡክ ነው። ማስታወሻ የምትለው ጠባብ ዓምድ ቀስ በቀስ ሌላውን ሁሉ ዋጠችው። የተቀደደ ሸራ፣ የሞተ መርከበኛ፣ የታየ ደሴት ሁሉ እዚያ ገባ። በብሪታኒያ የንግድ መርከቦች «ሎግ ተደረገ» ማለት ጥፋቱ በመጽሐፉ ተጽፎ ተቀጣ ማለት እስከመሆን ደረሰ። ቃሉ ፍጥነት መለካቱን ትቶ መመዝገብ ሆነ።

ኮምፒውተር የወሰደው ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሰው አንዱን ኮምፒውተር የሚጋራበትን ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ሲሠራ ተጠቃሚው ሲገባ ሎግ ኢን የሚል ትእዛዝ ይጽፍ ነበር፤ ማን መቼ እንደገባ ይመዘገባልና። ጆርን ባርገር በ1997 በድር ላይ የሚያኖረውን ማስታወሻ ዌብሎግ አለው፤ ፒተር መርሆልዝ በ1999 ቃሉን በቀልድ «ዊ ብሎግ» ብሎ ለሁለት ቆረጠው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ወድቆ ብሎግ ቀረ። በዚህ ቃል ውስጥ ያለው «ብ» የዌብ መጨረሻ ነው።

ስማቸው ቢመሳሰልም ዘመድ ያልሆኑም አሉ። ሎጋሪዝም ጆን ናፒየር በ1614 ከሁለት የግሪክ ቃላት የሠራው ነው፤ በሒሳብ ማሽን ላይ ያለው «ሎግ» ከእሱ ያጠረ እንጂ ከመርከብ የመጣ አይደለም። ዲያሎግና ካታሎግም ግሪክ ናቸው። ሎጂስቲክስም እንግሊዝኛ የወሰደው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ መርከቦችን የሚያስተዳድረው ድርጅት ስሙ ውስጥ ባሕርና ሎጂስቲክስ ጎን ለጎን ቢገኙም ያ ቃል ከመርከቡ ሎግ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።