«ከግዞት የተጻፈ» በልልኝ

ኢየሩሳሌም ውስጥ የድሮ ወረቀት በሚያጫርት ቤት ነው የምሠራው። ደብዳቤ ሲመጣ አንብቤ፣ ማን ለማን መቼ እንደጻፈው ለይቼ ለካታሎግ የሚሆን መግለጫ እጽፋለሁ። ገና ከበር ሲገቡ «ባለሙያው የለም እንዴ?» ብለው የሚጠይቁኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው። ለምን እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

ባለፈው የመጡት ሰውዬ ጥቁር ረጅም ኮት የለበሱ ሐሲድ፣ ማለትም አጥባቂ አይሁዳዊ፣ ናቸው። የያዙት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ሉባቪች የሚባሉት ሐሲዶች መሪ የነበሩት የረቢ ዮሴፍ ይስሐቅ ሽኔርሶን ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ነው። ጽሑፉ የጸሐፊያቸው ነው፤ ፊርማው ግን የራሳቸው እጅ። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል፣ ማኅተም አይደለም። በእኛ ሥራ ዋጋው እዚያች መስመር ላይ ነው ያለው።

«ረቢው ከግዞት ለአያቴ የጻፉለት ነው። ታነበዋለህ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«የእጅ ጽሑፍ ነው እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«የድሮ የእጅ ጽሑፍ።»

መልስ አልሰጠሁም። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። በምህጻረ ቃል የታጨቀውን ሰላምታ ሳይቀር አንድ በአንድ ዘርዝሬ። ቀኑ ጋ ስደርስ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌው ሊሆን ይችላል።

ቀኑ ኪስሌቭ 688 ይላል። በአይሁድ አቆጣጠር ነው፤ 5688 ለማለት ሺው ተትቶ፣ ቁጥሩም በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፎ።

ረቢው የታሰሩት በጁን 1927 ሌኒንግራድ ውስጥ ነው። ወንጀላቸው በድብቅ ሃይማኖት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን በየከተማው ማንቀሳቀሳቸው ነበር። ከማንም በላይ የሚያሳድዷቸው ደግሞ የኮሚኒስት ፓርቲው የአይሁድ ክፍል ካድሬዎች፣ የገዛ ወገኖቻቸው፣ ነበሩ። መጀመሪያ ሞት ተወሰነባቸው። ብዙ ሰው ጮኸላቸው፤ የማክሲም ጎርኪ የቀድሞ ባለቤት የካተሪና ፔሽኮቫም አንዷ ናት። ፍርዱ እየቀለለ ሄዶ በቮልጋ ዳር ባለችው በኮስትሮማ የሦስት ዓመት ግዞት ሆነ። እዚያም ዐሥር ቀን እንኳ ሳይሞላቸው በጁላይ ተፈቱ። ያች የመፈታት ቀን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ትከበራለች። በኦክቶበር፣ የላትቪያው የፓርላማ አባል ሞርደኻይ ዱቢን ባደረጉት ጥረት፣ ከነቤተሰባቸው ወደ ሪጋ ወጡ።

እንግዲህ ግዞቱ በአይሁዱ የታሙዝ ወር ነው፣ ጁላይ ላይ። ኪስሌቭ ደግሞ የሐኑካ በዓል ወር ነው፣ ዲሴምበር ገደማ። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ፊደሏ ሔት ላትሆን ትችላለች፤ ዛይን ትሆናለች» አሉ። ሔት ስምንት፣ ዛይን ሰባት ናት፤ 687 ነው ማለታቸው ነው።

«ዛይን ከሆነች ገና አልታሰሩም» አልኳቸው።

ዝም አሉ። በዚህ መሃል በታሪክ ዶክተር የሆነው ባልደረባችን ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። «688 ማለት 1928 ነው። ከሪጋ ነው፤ አለቀ» ብሎ ተመልሶ አቀረቀረ።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአይሁድ ቁጥር ላይ 1240 መደመር ነው። ግን የአይሁድ ዓመት የሚለወጠው መስከረም ገደማ ስለሆነ ከመጀመሪያው ወር ከቲሽሬ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ አንድ መቀነስ አለበት። ዶክተሩ ይህን አያውቅም አልልም። እኔ ግን መስከረም ላይ እንቁጣጣሽ ብለው ዓመት ከሚቀይሩ ሰዎች ቤት ነው ያደግሁት። «ሰባት ነው ስምንት የሚጨመረው?» እየተባለ የአባቴን የልደት ዘመን ይዤ ያልዞርኩበት መሥሪያ ቤት የለም። እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠኝም። «1927 ነው። ረቢው ሪጋ ከገቡ ገና ሁለት ወር ቢሆናቸው ነው» አልኩ።

አለቃችን ይህን ጊዜ ነው ከቢሮው ብቅ ያለው።

«1927 ነው አልክ?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«አሒ (ወንድሜ)፣ አንተ ወርቅ ነህ» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዕውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ዶክተሩን በዓይኔ ፈለግሁት፤ ቡና ሊያፈላ ሄዷል።

እኔ የጻፍኩት መግለጫ «ሪጋ፣ ዲሴምበር 1927፣ ከእስር ከተፈቱ በኋላ» የሚል ነበር። ካታሎጉ ታትሞ ሲመጣ ይህ ከታች በደቃቅ ፊደል አለ። ከላይ በደማቁ የተጻፈው ግን «1927፦ የእስራትና የግዞት ዓመት! የረቢው ፊርማ ያለበት ደብዳቤ» ይላል። አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። ዓመቱን 1928 ብለን ብንተወው ኖሮ ይህን አርዕስት ማንም ሊጽፈው አይችልም ነበር።

ደብዳቤው ከገመትነው በላይ ተሸጠ። ሰውዬው አለቃዬን አቅፈው ሳሙት።

አሁን ከቲሽሬ እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ የተጻፈ ወረቀት በመጣ ቁጥር አለቃዬ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ ይቆማል። «ከሁለቱ ዓመት የትኛው ይሻለናል?» ይለኛል።