ኖዝሉ ከመፈታቱ በፊት፦ የኮምቦልቻ ጋራዥ ገጠመኝ

ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ። ኮምቦልቻ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ጋራዥ ግቢ ውስጥ አንድ አይሱዙ የኋላ በሩን ወደ ብርሃን አዙሮ ቆሟል። ባለቤቱ እሑድ ማታ ጭኖ ለሰኞ ገበያ ባቲ መድረስ አለበት። ያዘዘው ሥራ በክሬም ቀለም ላይ ጥቁር ዋሊያ፣ ከሥሩ ደግሞ የልጁ ስም ነው። ሥራውን የተረከበው ወጣት በመኪና ቀለም መርጫ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ እጁም የተመሰገነ ነው። ኤርብራሽ፣ ማለትም ቀጭን መስመር በአየር የሚስል ትንሽ የቀለም መርጫ፣ ከያዘ ግን ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር።

ቀንዱ አምሮ አለቀ። አንገቱ ላይ ሲደርስ መርጫው ትፍ አለ፤ ምስር የምታህል ጥቁር ጠብታ ክሬሙ ላይ አረፈች። ጠረጋት፣ ቀጠለ፣ ደግሞ ትፍ አለ። ተደፍኖ ይሆናል ብሎ ግፊቱን ከ2 ባር ወደ 4 ባር ከፍ አደረገው። አሁን ደግሞ ቀለሙ ገና ሲያርፍ ከመሃሉ ወደ ዳር የሸረሪት እግር እያወጣ ሮጠ። የከፋው ሦስተኛው እርምጃ ነው። መርፌውን አወጣ፤ ኖዝሉን፣ ቀለሙ የሚወጣበትን ትንሽ አፍ፣ ፈትቶ በቲነር አጠበ፤ መልሶ ሲያስረው በጣቱ ያጠበቀው አልበቃ ብሎት ፒንሳ አነሣ። ኖዝሉ ከጥርሱ ላይ ተቀነጠሰ፤ የጥርሱ ቁራጭም የኤርብራሹ ጭንቅላት ውስጥ ተወትፎ ቀረ።

«ጋሼ፣ ሰበርኩት።»

«አብሽር፣ ሰው አልሞተም። ቱቦውን አምጣው።»

ዋናው ቀለም ቀቢ የተሰበረውን ኖዝል አላየውም። ኤርብራሹን ከቱቦው አላቅቆ፣ የደረሰኝ ወረቀት ጀርባውን ገልብጦ፣ ስንዝር ከሚሞላ ርቀት አሥር እስኪቆጥር ድረስ አየሩን ብቻ ነፋበት። ወረቀቱ ላይ ዝናብ ሲጀምር አቧራ ላይ እንደሚታየው ያለ ነጠብጣብ ወጣ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው፣ ጋሼ።»

«ኖዝሉ ታዲያ ምን አጠፋ?»

ከዚህ ጥያቄ በላይ ለኤርብራሽ ጀማሪ የሚጠቅም ነገር የለም። መርጫው ሲተፋ እጅ በቀጥታ ወደ መርፌውና ወደ ኖዝሉ ይሮጣል፤ የሚታዩት እነሱ ናቸውና። ስህተት ግን የሚፈለገው አየሩ ከሚነሣበት ከኮምፕሬሰሩ ተጀምሮ፣ በቱቦው አድርጎ፣ ወደ ቀለሙ፣ በመጨረሻ ወደ ኖዝሉ ነው። ኖዝሉ የመሣሪያው ስስ ክፍል ስለሆነ ለመጨረሻ ይተዋል።

ውሃው ከየት መጣ? ክረምት ላይ አየሩ እርጥበት ይዞ ነው ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚገባው። ወደ 8 ባር ሲታመቅ ይሞቃል፤ የታመቀው አየር ሲቀዘቅዝ ደግሞ የያዘውን እርጥበት ሁሉ መሸከም ስለማይችል እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይለወጣል። ጋራዡ የውሃ ማጣሪያ አልጎደለውም፤ የተገጠመበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ማጣሪያው ኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ ነበር። እዚያ አየሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ውሃው በእንፋሎት መልክ ማጣሪያውን አልፎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ በተዘረጋ 12 ሜትር ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል። ታንኩም ከሥሩ ባለው ማፍሰሻ ከተደፋ ሰንብቷል፤ ሲከፈት የዛገ ቡናማ ውሃ ወጣ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚሁ አየር ሲሠራ ችግሩ ያልታየው የመኪና ቀለም መርጫ ኖዝል ቀዳዳው 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነው። ትንሽ ውሃ ቢመጣም በሰፊው ርጭት ውስጥ ተበትኖ ብዙ ጊዜ አይለይም። ኤርብራሽ ግን ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ባለ ቀዳዳ የእርሳስ ያህል ቀጭን መስመር ይስላል፤ አንድ ጠብታ ውሃ መስመሩን ሙሉ ይውጠዋል። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲጀመርም የሥዕልና የፎቶ ማስተካከያ ሥራ እንጂ የመኪና ቀለም አላሰበም፤ በጋራዥ አየር መንፋት የሚቻለው አየሩ ከተገራ ብቻ ነው።

የገሩት እንዲህ ነው። ማጣሪያው ከኮምፕሬሰሩ ተነቅሎ ሥራው አጠገብ፣ ከቱቦው መጨረሻ፣ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰቀለ፤ አየሩ እዚያ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውም ጠብታ ሆኖ ይያዛል። ከማጣሪያው ቀጥሎ ጌጁ እስከ 4 ባር ብቻ የሚያነብ ሁለተኛ ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) ተጨመረ፤ የጋራዡ ጌጅ እስከ 12 ባር ስለሚያነብ በ1 እና በ2 ባር መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ አያሳይም። የጋራዡ ቱቦ 1/4 ኢንች፣ የኤርብራሹ 1/8 ኢንች ስለሆነ መቀየሪያ አንገት ያስፈልጋል፤ ቴፍሎን የሚጠቀለለው እዚህ ላይ ነው፤ ኖዝሉ ላይ በፍጹም አይጠቀለልም። ግፊቱ የሚስተካከለው ቃታው ተጫኖ አየሩ እየነፈሰ ሳለ ነው። ቃታው ሳይነካ 2 ባር ያለው ጌጅ ሲነፍስ 1.5 ሊል ይችላል፤ ቀለሙን የሚበትነው ይኸው የሚነፍሰው ግፊት ነው። ለአብዛኛው ሥራ ከ1 እስከ 1.7 ባር፣ በፒኤስአይ ከ15 እስከ 25፣ ይበቃል። 4 ባር የዋሊያውን አንገት የሸረሪት ድር ከማድረግ በቀር የሠራው ነገር የለም።

የወረቀቱ ፈተና ሌላም ነገር ይናገራል። ወረቀቱን ጥላ ውስጥ አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ነጠብጣቡ ደርቆ ከጠፋ ውሃ ነው። ቅቤ እንደነካው ወረቀት ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ከቀረ ግን ኮምፕሬሰሩ ዘይት እያስወጣ ነው። ዘይት ሲሆን ቀለሙ አይተፋም፤ ካረፈ በኋላ ከነጥቡ ሸሽቶ የዓሣ ዓይን የመሰለ ክብ ቀዳዳ ይሠራል። ይህን ማጣሪያ ብቻውን አያድነውም፤ የኮምፕሬሰሩ ፒስተን ቀለበት መታየት አለበት።

ወደ ተሰበረው ኖዝል እንመለስ፤ የምርጫ ነገር እዚህ ይመጣል። ወጣቱ የገዛው 0.2፣ 0.3 እና 0.5 ኖዝል በአንድ ሳጥን ከሚይዙት ርካሽ ስብስቦች አንዱን ነው። «ቀጭን ይስላል» ብሎ 0.2 ገጠመ። ለመኪና ቀለም 0.2 የተሳሳተ ምርጫ ነው፤ ቀለሙ ወፍራም ነው፣ በኮምቦልቻ ሙቀትም ኖዝሉ ጫፍ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ለጀማሪ 0.3 ወይም 0.35 መካከለኛው ነው፤ እንዲህ ላለ በርና ለትልልቅ ፊደል 0.5 ይሻላል። ከኤርብራሾች ኢዋታ ኒዮ በ0.35፣ ባጀር ፓትሪየት 105 በ0.5 ይመጣሉ፤ ሁለቱም የቀለም ኩባያቸው ከላይ ነው። ኩባያው ከላይ ሲሆን ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ በዝቅተኛ ግፊት ይሠራል፤ ማጠቡም ይቀልላል። ቃታው ሁለት ሥራ ያለው፣ ወደ ታች ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም የሚሰጠው ዓይነት ይገዛ፤ አየርና ቀለም አብሮ የሚለቀው ርካሽ ቢሆንም መስመር ማቅጠን አያስተምርም። እንደ ፓትሪየቱ ኖዝሉ ጥርስ ሳይኖረው በቆብ የሚያዝ ከተገኘ ለከባድ እጅ ይመረጣል፤ የሚቀነጠስ ጥርስ የለውምና። መለዋወጫው በአቅራቢያ የማይሸጥ ከሆነ ትርፍ መርፌና ኖዝል ከመሣሪያው ጋር አብሮ መግዛት ግድ ነው።

ጥርስ ያለው ኖዝል በሁለት ጣት ይያዛል፤ አብሮት በመጣው ትንሽ ቁልፍ ከሆነም ሲነካ ማቆም ነው። አየር ያስወጣል ተብሎ ከተፈራ ጥርሱን የንብ ሰም ቀባ ቀባ ማድረግ ይዘጋዋል። ማስወጣቱ የሚታወቀው በኩባያው ነው፤ ቃታው ሲጫን ቀለሙ ውስጥ አረፋ ከተንቦቀቦቀ አየሩ በኖዝሉ መቀመጫ ወይም በተሰነጠቀ አፉ እየተመለሰ ነው። መርፌውም ወደ ፊት በኃይል መገፋት የለበትም፤ ሲገፋ የኖዝሉን አፍ እንደ ጥሩንባ ይከፍተዋል። ጫፉ የታጠፈ መርፌ ደግሞ ርጭቱን ወደ አንድ ጎን ይጥለዋል። ጥፍር ላይ ቀስ ብሎ ሲያዞሩት መቧጨሩ ይናገራል።

ቀለሙን ማቅጠን ላይ ደሴና ኮምቦልቻ አይገናኙም። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለው፤ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲገባ ግን ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል፣ ብርዱም ጉሙም ሌላ ነው። የመኪና ቤዝ ቀለም አንድ እጅ ቀለም ለአንድ እጅ ቲነር ተብሎ ይጀመራል፤ ለቀጭን መስመር እስከ ሁለት እጅ ቲነር ይደርሳል። ልኩ የሚታየው ኩባያው ዘንበል ሲል ነው፤ ወተት ከብርጭቆ እንደሚወርደው ስስ ሽፋን ትቶ መውረድ አለበት። ከዚያ በስቶኪንግ ይጣራል። ኮምቦልቻ በቀትር ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ያስፈልጋታል፤ አለዚያ ቀለሙ መርፌው ጫፍ ላይ ይደርቅና መትፋት ይጀምራል። ይህ ትፋት ከውሃው የሚለየው ጫፉ በቲነር በራሰ ጨርቅ ሲጠረግ ወዲያው ስለሚቆም ነው። ደሴ በጉም ቀን ቶሎ በሚተን ናይትሮ ቲነር ከተሠራ ግን ገጹ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ እርጥበት ይስባል፤ ቀለሙ ነጭ ጭጋግ ይለብሳል።

የእጅ ሥርዓቱ አጭር ነው፤ አየር ይቀድማል፣ አየር ይዘገያል። ቃታው ይጫናል፣ እጁ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ሲያበቃ ወደ ፊት ይመለሳል፣ አየሩ በመጨረሻ ይለቀቃል። ቀለሙ ሳይቆም አየሩ የተለቀቀበት ኖዝል ጫፉ ላይ ቀለም ይዞ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጫና ያንኑ ይተፋዋል። ቀለም በተቀየረ ቁጥር በቲነር ነፍቶ ማጥራት ግድ ነው፤ ማታ መርፌው ወጥቶ ይጠረጋል። ሙሉ ኤርብራሹን ቲነር ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ግን የውስጥ ጎማዎቹን ያሳብጣል።

አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በዚያው ግቢ ጥግ ላይ የቡና ከሰል ይቀጣጠል ነበር፤ የቲነር ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይይዛል። በረካው እስኪጠጣ ርጭት አይጀመርም፣ ርጭት ከተጀመረ ከሰል አይነድም። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የተቀላቀለ ክሊር (ቀለም የሌለው የላይ ሽፋን) ሲነፋ ደግሞ የጨርቅ ማስክ ከአቧራ በቀር የሚከለክለው የለም፤ ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል።

አይሱዙው እሑድ ማታ ያለ ዋሊያ ባቲ ወረደ። ማክሰኞ ሲመለስ የተበላሸው በር በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ተፈግፍጎ ክሬሙ እንደገና ተቀባ፤ በላዩም አንድ ስስ ክሊር ተደረበ። ክሊሩ ደርቆ በቀላሉ ከተፈገፈገ በኋላ የሚሳለው ሥዕል ቢበላሽ ገና ትኩስ ሳለ ይጠረጋል፤ ከሥሩ ያለው ክሬም አይነካም። ወጣቱ በ0.5 መርጫ፣ በ1.5 ባር ከመጀመሩ በፊት ታንኩን ደፋ፣ ማጣሪያውን ደፋ፣ ወረቀቱን ነፋበት። ወረቀቱ ደረቅ ነበር። ቀኑን ጽፎበት ከሬጉሌተሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰካው።