የላቫጆ ቦት ጫማና የእግር ፈንገስ፤ እንዴት እንደተገላገልነው

ዓለም ገና፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ ላቫጆ አለኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች ከማለዳ እስከ ምሽት በውኃና በሳሙና መካከል ስለሚውሉ ቦት ጫማ ከእግራቸው አይወልቅም፤ በክረምት ደግሞ በጫማው አፍ የገባው ውኃ ሳይደርቅ በነጋታው እንደገና ይጠለቃል። የእግር ፈንገስ በእኔም በእነርሱም ላይ ሥር የሰደደው በዚህ ሁኔታ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከትንሿ ጣትና ከአጠገቧ ካለችው ጣት መካከል ነው። ቆዳው ነጭ ሆኖ ይርሳል፣ ሲነኩት እየተላጠ ይነሣል፣ ከሥሩም የቀላና የተሰነጠቀ ገላ ይታያል፤ ማታ ካልሲ ሲወልቅ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሣል። በእኛ ሥራ «ውኃ በላኝ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ውኃው ግን መንገዱን ይጠርጋል እንጂ በሽታውን አያመጣም። መንስኤው ደርማቶፋይት የሚባሉ ፈንገሶች ሲሆኑ፣ የሚመገቡትም ቆዳና ጥፍር የተሠሩበትን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ጭርት የሚያወጡትም የዚሁ ወገን ናቸው። አየር የማያስገባው ጎማ፣ ላቡና እርጥበቱ ያመቻቹላቸዋል። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉት ደግሞ ከታመመ እግር የረገፈ የቆዳ ቅርፊት በጫማ፣ በካልሲ፣ በፎጣና በመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሲቀር ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ቅባት ከመግዛቴ በፊት የጫማውን ነገር ማስተካከል እንዳለብኝ ታየኝ። በላቫጆው ቦት ጫማ የጋራ ነበር፤ ቀድሞ የደረሰ የቀናውን አንሥቶ ያጠልቃል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እያፈራረቀ የሚለብሰው ሁለት ሁለት ጥንድ ገዛሁ፣ በየተረከዙም ስሙን በቀለም ጻፍኩበት። ወጪው ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም ሠራተኛውን ውኃ ውስጥ የሚያውል አሠሪ ሁሉ የግል ጫማ የማቅረብ ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ። ማታ ጫማዎቹ ውስጣቸው ታጥቦ በቆርቆሮው ጥላ ሥር በእንጨት ችካል ላይ አፋቸውን ወደ ታች አድርገው ይሰቀላሉ፤ ፀሐይ በማይወጣበት ሰሞን የተጨማደደ ጋዜጣ እንጠቀጥቅባቸዋለን፤ ጋዜጣው እርጥበቱን ይመጥጣል። ካልሲ ምሳ ሰዓት ላይ ይቀየራል፤ እግር ከታጠበ በኋላም የጣቶቹ መካከል ለብቻው በተለየ ጨርቅ ይደርቃል። ያው ፎጣ ወደ ብሽሽት ከሄደ ፈንገሱም አብሮ ይሄዳል።

ሕክምናውን በተመለከተ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ቅባት ጠዋትና ማታ እንድንጠቀም ከነገሩን በኋላ፣ «ማሳከኩ ተወኝ ብለው እንዳያቆሙት፤ 4 ሳምንት ይሙላ» ሲሉ አጥብቀው አሳሰቡኝ። ቆዳው ለዓይን ከዳነ በኋላም ፈንገሱ ሊቆይ ስለሚችል አብዛኛው ሰው የሚያገረሽበት እዚህ ላይ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ ለፊት የሚቀባውን ቤታሜታዞን ጣቶቹ መካከል ሲቀባ ሰንብቶ ነበር። ይህ ቅባት መቅላቱንና ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግስ የዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ በስውር ይስፋፋል፤ የእርሱም እስከ እግሩ ጀርባ ወጥቶ ተገኘ። ቤንዚን የሚቀቡም አሉ፤ ቤንዚን ግን ቆዳውን አቃጥሎ ሌላ ቁስል ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ የአባቴ ነገር ነበር። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ሲሆኑ፣ በቤታችን የመታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማ የሁላችንም ነበር። እግራቸውን ልይ ስላቸው «ተው ልጄ፣ ምንም አያመኝም» አሉኝ። በመብራት ሳየው በሁለት ጣቶቻቸው መካከል ቆዳው ተሰንጥቆ እርጥብ ሆኗል። የስኳር ሕመም የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ አለማመሙ ራሱ የአደጋው ምልክት ነው። በስንጥቁ ባክቴሪያ ሲገባ እግሩ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ትኩሳትም ይከተላል፤ የደም ዝውውር በደከመበት እግር ላይ ቁስሉ እየሰፋ ሄዶ እግር እስከ መቁረጥ ሊያደርስ ይችላል። በዝሆኔ እግራቸው ያበጠ ሰዎችም በጣት መካከል ባለ እንዲህ ባለ ስንጥቅ ምክንያት ነው ትኩሳትና ሕመም የሚመላለስባቸው። ስለዚህ አባቴን በቤት ቅባት ሳልሞክር በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። አሁን ነጠላ ጫማቸው ለብቻ ነው፤ እግራቸውንም እኔ ወይም እህቴ በየምሽቱ እናያለን።

ጥፍር ውስጥ የገባ ፈንገስ ግን በቅባት ብቻ እምብዛም አይለቅም። ከሠራተኞቹ የአንዱ አውራ ጣት ጥፍር ቢጫ ሆኖ ወፍሮ ስለነበር የቆዳ ሐኪም ዘንድ ላክሁት። ከጥፍሩ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ከተመረመረ በኋላ ነው ተርቢናፊን እንክብል የታዘዘለት፤ መድኃኒቱ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የደም ምርመራ ቀድሞ ተደርጎለታል። የእግር ጥፍር ሙሉ ለሙሉ ለመተካት አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ፣ ከሥሩ ጤነኛ ሆኖ እየበቀለ መሆኑን ሐኪሙ በቀጠሮ ይከታተሉታል።