ሰዓትህን አትቀይረው

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ባር ባር ሲለኝ ዋለ። የእታለም የመጨረሻ ልጅ ሊሄድ ነው፤ ጃፓን፣ ለትምህርት። መስከረም ጠብቶም ማርቆስ ዝናቡ አላባራ ብሏል፣ እሱም ለሆድ መባባት ሳያግዝ አይቀርም። እኔ እዚያ አገር ኖሬ የመጣሁ ስለሆንኩ መካሪ ተደርጌ ሻንጣው አጠገብ ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ የተከራከርነው በቋንጣው ነው። እታለም በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልላ ሽሮው ውስጥ ቀብራዋለች። አወጣሁት። "አንተ ደግሞ፣ ልጁ ምን ሊበላ ነው?" አለችኝ። ጃፓን ሥጋ ነክ ነገር ያለ ምርመራ ሰርተፍኬት አይገባም። ቋንጣ ሆነ ቋሊማ፣ ለራሴ ነው ማለት አያድንም። ሕጉ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 3 ሚሊዮን የን መቀጮ ያስቀጣል። ይኼን ስነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ ቋንጣውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ዝምታዋ ነው ሆዴን የበላው። ጥሬውን ጤፍም አስወጣሁ፣ ጥሬ እህል የራሱ የጤና ሰርተፍኬት ያስፈልገዋልና። በርበሬውንና ሽሮውን ከላይ አደረግናቸው፤ ሲጠየቅ ሳይደባብቅ ከፍቶ ያሳይ።

ትኬቱንም አየሁለት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይኼን ልብ ይበል። ትኬት ላይ ቀኑ 16፣ ሰዓቱ 01:30 ተብሎ ቢጻፍ፣ እኛ ጋ ያ ገና የ15 ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል። እኛ ቀን የምንለው ሲነጋ ነው፣ የእነሱ ቀን ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ በ15 ማታ አየር ማረፊያ መገኘት አለበት። በ16 ማታ ሻንጣውን እየገፋ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው የሚደርሰው። ከማርቆስ አዲስ አበባ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሀሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ፣ መንገዱም አንዳንዴ እሺ አይልም። ቀናት ቀደም ብሎ ይውጣ፣ ዘመድ ቤት ይደር።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ነው የነገርኩት። እዚያ መብራቱ 100 ቮልት ነው፣ የኛው 220 ነው። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካለ ችግር የለም፤ ሶኬቱ ግን ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው የሚቀበለው። ሳንቲም እንዳይንቅ ነገርኩት። ትልቋ ሳንቲም 500 የን ናት፣ ምሳ ላይ ትቆጠራለች። ጉርሻ ለአስተናጋጅ አይሰጥም፣ ቢሰጥም ተከትሎህ መጥቶ የሚመልስ አለ። ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም። ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃል፣ ስለዚህ ካልሲው ይታሰብበት። መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ እምብዛም የለም፣ ቆሻሻህን በቦርሳህ ይዘህ ቤትህ ነው።

የገበታው ነገር ላይ ግን ቆየሁ። በሁለቱ እንጨት ያነሳኸውን ምግብ በቀጥታ ወደ ሌላ ሰው እንጨት አታቀብል። እነሱ ዘንድ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ አጥንቱን በእንጨት እየለቀመ፣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ነው ዕቃ ውስጥ የሚያስገባው። ሩዝ ላይ እንጨቱን ቀጥ አድርጎ መሰካትም እንዲሁ የለቅሶ ነገር ነው። ጎጃም ተወልዶ በጉርሻ ያደገ ልጅ እጁ ሳይታዘዝ ይዘረጋል። በሰሃን አድርገህ አቅርብለት፣ እሱ ራሱ ያነሳዋል፤ ፍቅርህም አይጠፋም።

ለጾመኛ ደግሞ አንድ ነገር። ሚሶ የሚባለው ሾርባቸው ሲያዩት ክክ ወጥ ነገር ነው፣ ጾም ይመስላል። መረቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የወጣ ነው። ዳሺ ይሉታል፤ የሚገባበት ምግብ ብዙ ነው። ዓሣ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ይኼን እያወራሁ ሳለ ልጁ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ "ጋሼ፣ ስንት ላይ ልሙላው?" አለኝ። አባቱ የሰጠው ሰዓት ነው፣ በኛው አቆጣጠር የተሞላ። "አትንካው" አልኩት። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ።

እውነቴን ነው። ጃፓን ከኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከሌላው ዓለም አቆጣጠር በ6 ይለያል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ማርቆስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲል ቶኪዮ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነው። እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሆነ እዚያ ማታ 10 ሰዓት ነው። እነሱ እንደ አውሮፓ በየወቅቱ ሰዓት አይቀያይሩም፣ ስለዚህ ክረምት ከበጋ ያው ነው። ሌላ አገር የሚሄድ ልጅ ያላት እናት በጣቷ ትቆጥራለች፤ እታለም ግን የግድግዳዋን ሰዓት ቀና ብላ ካየች የልጇን ሰዓት አየች ማለት ነው። ይኼን ስነግራት ፊቷ በራ። ቋንጣውን ካስወጣሁባት ወዲህ የመጀመሪያው ፈገግታዋ ነበር።

ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ ብርሃኑ አንድ አይደለም። እሷ የምትደውለው እራት ከተበላ በኋላ ነው፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ። ያኔ እዚያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ነው፣ ልጁ እንቅልፍ ላይ ነው። ስለዚህ ከቀኑ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ቡናው ሲፈላ ትደውል፤ እሱም ያኔ ከትምህርቱ ተመልሶ፣ በልቶ፣ አረፍ ብሎ ነው የሚያገኛት። እዚህ ማታ 12 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ እዚያ ልክ እኩለ ሌሊት ነው፣ ቀኑ ተገልብጦ ነገ ይሆናል። እኛ ለዋዜማ ስንነሳ እነሱ በዓሉ ቀን ውስጥ ገብተዋል።

ይቺን የዋዜማ ነገር ባልናገር ይሻል ነበር መሰል። እታለም ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ፋሲካን በማን ሰዓት ነው የሚፈታው?" አለች።

መልስ አጣሁ። እዚህ ቅዳሴው አልቆ የሚፈሰከው ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ነው። ያኔ እዚያ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ ወጥቶ ረፍዷል። በራሱ ሌሊት፣ ዶሮ ጮኸ በሚባልበት ሰዓት ይፍታ ብንል ደግሞ እዚህ ገና ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ነው፤ እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች፣ ገና ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጾም ላይ ናት። እሱ ቀድሟት ይብላ? ወይስ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ይዞ፣ እሷ እስክትቀምስ ይጠብቅ? የንስሐ አባቱን እንጠይቅ ተባባልን። የቤተ ክርስቲያኑን መልስ እሳቸው ያውቁታል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ልጁ እዚያ ብቻውን ሲሆን የትኛው ይቀለዋል? እናንተ ሩቅ አገር ያላችሁ፣ እንዴት ነው የምታደርጉት?