የድሮ የአንሲ ሥዕል በዛሬ ተርሚናል ላይ፦ የሁለት ሳምንት ሙከራዬ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ይዞኝ የከረመውን ነገር ላካፍላችሁ። የአንሲ ሥዕል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ሰዎች በስልክ መስመር፣ በሞደም እየደወሉ ቢቢኤስ የሚባሉ፣ መልእክትና ፋይል የሚለዋወጡባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ይገቡ ነበር። ሲገቡ የሚቀበላቸው ሥዕል ከፊደልና ከቀለም ብቻ የተሠራ ነው። ፎቶ የለ፣ ፒክስል የለ። እኔ በጣም ነው የወደድኩት።

የመጀመሪያው ቀን። አንድ ፋይል አወረድኩ፣ ተርሚናል (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፈትኩ፣ ፋይል በሚያሳየው ኮማንድ፣ በካት ለቀቅኩት። የመጣው ሥዕል አይደለም። ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ስክሪኑን ሞላው፤ መሀል መሀል ላይ ግን ቀይና ሰማያዊ ይታያል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ እንደገና አወረድኩት፣ ያው ነው። ቀለሙ መምጣቱ ፍንጭ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀለም የሚያዙት ኮዶች በባይት 27 (ባይት ማለት ፋይል የሚሠራበት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው)፣ ማለትም በኢስኬፕ ይጀምሩና ካሬ ቅንፍና ቁጥሮች ያስከትላሉ፤ ይህን ቋንቋ የዛሬ ተርሚናልም ይችላል። የጠፋው ቅርጹ ብቻ ነው።

በማግስቱ ባይቶቹን በቁጥር ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። 219፣ 219፣ 219፣ 220፣ 223፣ ከዚያ 176፣ 177፣ 178 ይላል። እነዚህን ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው ከአይቢኤም ፒሲ ጋር በመጣው የፊደል ሠንጠረዥ፣ በኮድ ፔጅ 437 ስትፈልጓቸው ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። 219 ሙሉ ጡብ █ ነው። 220 የታችኛው ግማሽ ▄፣ 223 የላይኛው ግማሽ ▀። ከ176 እስከ 178 ያሉት ደግሞ ከሳሳ ወደ ደማቅ የሚሄዱ ጥላዎች ናቸው፦ ░▒▓። ያንኑ 219 ላቲን 1 በሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ሠንጠረዥ ካነበባችሁት ግን ኮፍያ የደፋ ዩ ይሆናል፣ 220 ደግሞ ሁለት ነጥብ የተጫነበት ዩ። ዛሬ የተለመደውን ዩቲኤፍ 8 የሚባል የፊደል አቀማመጥ የሚጠብቅ ተርሚናል ጭራሽ አያውቃቸውም፤ አልማዙ የሚመጣው ለዚህ ነው።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ችግር የቆየ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት በአንድ ላይ በሚይዘው ሠንጠረዥ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ እየተዋሱ ነበር የሚሠሩት። አጎቴ የእድራቸውን መተዳደሪያ ደንብ ድሮ ያስጻፉበትን ፋይል አምጥተው "እስቲ ክፈትልኝ" ሲሉኝ የወጣው የላቲን ፊደል ዝርግፍ ነበር። እሳቸው ጽሑፉ የጠፋ መስሏቸው አዘኑ። ጽሑፉ ግን አለ፣ ቁጥሮቹ አንድ ሳይጎድሉ ተቀምጠዋል፤ ቁጥሮቹን በየትኛው ሠንጠረዥ እንደምናነብ የሚነግረን ነው የሌለው። ፎንቱን ፈልጌ ስጭነው አንቀጽ አንድ ብሎ ተነበበ። የአንሲውን ፋይል ሳይ ያ ቀን ነው ትዝ ያለኝ።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። አይኮንቭ ለሚባለው ፕሮግራም ከሲፒ 437 ወደ ዩቲኤፍ 8 ቀይርልኝ ትሉታላችሁ። የኢስኬፕ ኮዶቹ ከ128 በታች ስለሆኑ ሳይነኩ ያልፋሉ። አልማዞቹ ጠፍተው ጡቦቹ ብቅ ሲሉ እውነት ለመናገር ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

የአንድ ሰው ፊት ነው የተሣለው፤ ሥዕሉ ግን ተንጋዷል። የሰውየው ግማሽ ፊት ቀኝ ጥግ ላይ፣ አገጩ ግራ ላይ። ከሥሩ ደግሞ የማይረባ የሚመስል ጽሑፍ አለ፣ ስም፣ ቀን፣ ከዚያ ዝብርቅርቅ። ቆርጬ ልጥለው ስል "ሶስ" የሚባል መዝገብ መሆኑን አነበብኩ። የመጨረሻዎቹ 128 ባይቶች ናቸው፦ የሥዕሉ ርዕስ፣ የሠዓሊው ስም፣ የቡድኑ ስም፣ ቀኑ፣ እና ለእኔ ወሳኝ የሆነው፣ ስፋቱ። ስፋቱ 80 ፊደል ይላል። የእኔ መስኮት 120 ነበር። ለካ ሙሉ የሆኑት መስመሮች መጨረሻ ላይ "ወደ ታች ውረድ" የሚል ምልክት የለም፤ ሠዓሊው ስክሪኑ 80 ላይ ሲሞላ በራሱ ስለሚወርድ አላስፈለገውም። 120 ስፋት ላይ የሁለተኛው መስመር የመጀመሪያ 40 ፊደል ወጥቶ የመጀመሪያው ጎን ይለጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል።

እዚህ ጋ አንድ ምሽት የበላብኝን ነገር ልንገራችሁ። ኤስቲቲዋይ በሚባለው ኮማንድ ስፋቱን 80 አድርጌ ምንም ለውጥ አላመጣም። ያ ኮማንድ ለፕሮግራሞች ነው የሚናገረው፤ መስመሩን የሚያጥፈው ተርሚናሉ ራሱ ስለሆነ መስኮቱን በእጃችሁ ጎትታችሁ ልክ 80 ማድረግ አለባችሁ። አንዳንዱ ስትጎትቱት ቁጥሩን ያሳያችኋል።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ። የሰውየው ቆዳ አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ ነበር። የአንሲ ቀለም ቁጥር 3 ቪጂኤ በሚባለው የድሮ የስክሪን ሥርዓት ላይ ቡናማ ነው፣ በቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ ልክ 170፣ 85፣ 0። ብዙ የዛሬ ተርሚናል ግን የደበዘዘ ቢጫ ያደርገዋል። ሰቲንግ ውስጥ ያቺን አንዷን ቀለም ስቀይራት ፊቱ ላይ ደም ገባበት። ሌላው፣ ደማቅ ቀለም የሚጠራው በቦልድ ኮድ ስለሆነ፣ ቦልድ ሲመጣ ፊደሉን ከማወፈር ይልቅ ቀለሙን እንዲያደምቅ አስተካክሉት።

የመጨረሻው ችግር ክፍተት ነበር። በመስመርና በመስመር መሀል ቀጭን ጥቁር ክር ይታያል፣ ልክ በቆርቆሮ ግድግዳ ቀዳዳ እንደሚያዩት ነገር። የመስመር ርቀቱን ዝቅ ሳደርግ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። የጠፋው ኪቲ ወደሚባለው ተርሚናል ስቀይር ነው፤ እሱም፣ አላክሪቲ የሚባለው ሌላ ተርሚናልም ጡቦቹን ከፎንት ሳይወስዱ ራሳቸው ይስሏቸዋል። ያኔ ነው የሠዓሊዎቹን ጥበብ በደንብ ያየሁት። ▀ን ውሰዱ። የላዩ ግማሽ በፊደሉ ቀለም፣ የታቹ በጀርባው ቀለም ይሞላል፣ ስለዚህ አንድ ፊደል ሁለት ነጥብ ይሆናል። 80 በ25 የነበረው ስክሪን 80 በ50 ሆነ ማለት ነው። ከንፈሩንና የዓይኑን ሽፋሽፍት የሠሩት በዚህች ግማሽ ጡብ ነው።

ትናንት ማታ ደግሞ ፒቪ በሚባለው ፕሮግራም ፍጥነቱን በሰከንድ 240 ባይት ላይ ገድቤ ለቀቅኩት። በሰከንድ 2400 ቢት የሚልክ ሞደም ፍጥነት ነው ያ፣ አንዱ ባይት በመስመሩ ላይ 10 ቢት ስለሚወስድ። ወደ ዩቲኤፍ 8 ከመቀየሩ በፊት መገደብ አለበት፣ አለበለዚያ አንዱ ጡብ ሦስት ባይት ስለሚሆን ልኩ ይዛባል። አንድ ስክሪን 2000 ፊደል ነው፤ የቀለሙን ኮድ ሳንቆጥር እንኳ ከ8 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ቀጥሎ ግንባሩ፣ ከዚያ ዓይኑ እየተሣለ ወረደ። በአንዴ ሲመጣ ያላየሁትን ጥላ ሁሉ አየሁ።

የቀረኝ ብልጭ ድርግም የሚለው ነው። አንዳንድ ፋይሎች የብልጭታውን ኮድ ለደማቅ ጀርባ ይጠቀሙበታል፣ ሶሱ ውስጥም ምልክት አለው፤ የእኔ ተርሚናል ግን አሁንም ያርገበግበዋል። የብልጭታውን ኮድ፣ 5ን አውጥቼ የጀርባውን ቀለም ኮድ ከ40ዎቹ ወደ 100ዎቹ (ወደ ደማቆቹ) የሚቀይር ትንሽ ስክሪፕት ጀምሬያለሁ። ሲሠራ አሳያችኋለሁ።